ከመቶ ዓመት በላይ «በነፃ» የተነሣው ቆሻሻ

በ2025 የፋሲካ ሰሞን አካባቢ በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ዲዬጎ ከተማ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶችና ይዞታዎች ባለቤቶች ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው እንደ አብዛኛው የመንግሥት ደብዳቤ ደረቅ ነበር። ቁጥርና ሠንጠረዥ የበዛበት፣ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያና ከክሬዲት ካርድ ግብዣ ጋር ተደባልቆ የሚደርስ ዓይነት ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ፖስታ ሳይከፍት ወደ ቅርጫት የሚጥለው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ደብዳቤ የ106 ዓመት ታሪክ ማክተሚያ ነበር። ከተማው ከ1919 ጀምሮ ያለ ልዩ ክፍያ ሲያነሣው ለኖረው የቤት ቆሻሻ ከእንግዲህ በየወሩ ገንዘብ ሊያስከፍል መሆኑን ያስታወቀበት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ አንድ ከተማ ለሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ የሚተምነው እንዴት ነው? ዋጋውን ከፍ ሲያደርግስ ማንን መጠየቅ አለበት? ያልተጠየቀው ማን ነው? የሳን ዲዬጎ የቆሻሻ ታሪክ እነዚህን ጥያቄዎች ከብዙ የሕግ መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ታሪኩ የፈረንጅ ቤት ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፣ መጨረሻው ላይ ሂሳቡ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ቢመለከት አሳቡን ይለውጣል።

የአሳማው ቀለብ

ነገሩ የሚጀምረው ከአሳማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሳን ዲዬጎ ነዋሪዋ ሰማንያ ሺህ ያልሞላ፣ የባሕር ኃይል መርከቦች የሚያርፉባት ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። በዚያን ጊዜ የቤት ቆሻሻ የሚያነሡት ሰዎች ነዋሪውን ገንዘብ ያስከፍሉት ነበር። ከየጓዳው የሰበሰቡትን የምግብ ትራፊ ግን አይጥሉትም። ወስደው ለአሳማ አርቢዎች ይሸጡታል። በሌላ አነጋገር ባለቤቱ ትራፊውን ለመስጠት ይከፍላል፣ አሳማ አርቢው ትራፊውን ለመቀበል ይከፍላል፣ በመካከል ያለው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይሰበስባል።

ይህ ሲታወቅ ነዋሪው ተቆጣ። በ1919 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና «የሕዝብ ድንጋጌ» የተባለው ሕግ ጸደቀ። የሕጉ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲያ የነዋሪውን ቆሻሻ የሚያነሣው ከተማው ራሱ ይሆናል። ወጪው ከግብር ይሸፈናል። ነዋሪው ለዚሁ ተብሎ የተለየ ክፍያ አይጠየቅም።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ቆሻሻ በነፃ ይነሣል አላለም። ከግብር ይከፈላል ነው ያለው። ይሁን እንጂ ዘመን በሄደ ቁጥር ሰዉ የሕጉን ግማሽ አስታወሰና ግማሹን ረሳ። የልጅ ልጆቹ «በሳን ዲዬጎ ቆሻሻ የሚነሣው በነፃ ነው» እያሉ አደጉ። ነፃ የሚባል ነገር ግን የለም። የመኪናው ነዳጅ፣ የሾፌሩ ደመወዝና ጡረታ፣ ቆሻሻው የሚደፋበት መሬት ሁሉ ወጪ አለው። ያ ወጪ ከከተማው ጠቅላላ ካዝና ሲከፈል ኖረ። ወደ ካዝናው የሚገባው ደግሞ የቤት ባለቤቱ የሚከፍለው የንብረት ግብር ብቻ አይደለም። ጫማ የገዛው፣ ሳሙና የገዛው፣ ቴሌቪዥን የገዛው ሰው ሁሉ የከፈለው የሽያጭ ታክስም አለበት።

ሁለት ጊዜ ከፋዩ

ትንሿ የወደብ ከተማ አደገች። ዛሬ ነዋሪዋ ወደ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ይጠጋል። ከአንድ ቤተሰብ ቤቶች ጎን ለጎን ትልልቅ አፓርትመንቶች ተሠሩ። የአፓርትመንት ቆሻሻ በትልቁ የብረት ሣጥን ይጠራቀማል። ይህን የሚያነሣው በአብዛኛው የከተማው መኪና ሳይሆን የግል ኩባንያ ነው። ድንጋጌው በ1986 እንደገና በሕዝብ ድምፅ ሲሻሻል የከተማው አገልግሎት ወሰን ይበልጥ ጠበበ። የግል ኩባንያው ሂሳቡን ለአከራዩ ይልካል፣ አከራዩም ቤት ኪራዩ ላይ ይደምረዋል።

እንግዲህ ሁለት ሰዎችን እናወዳድር። አንደኛው ላ ሆያ በተባለው ባሕር ዳር ሰፈር ባለ ግቢ ቤት ያለው ባለጸጋ ነው። ቆሻሻው በየሳምንቱ ከደጁ ላይ ይነሣለታል። ሂሳብ አይመጣለትም። ሁለተኛው በሲቲ ሃይትስ ሰፈር ባለሁለት ክፍል አፓርትመንት ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ ነው። የራሱን ቆሻሻ ማስነሻ በኪራዩ ውስጥ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ ሱቅ በገባ ቁጥር ከሚከፍለው የሽያጭ ታክስ ላይ የባለጸጋው ቆሻሻ ማንሻ ይወጣለታል። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ከፋይ ነው። የሚከፍለውን ግን አያውቀውም። ምክንያቱም በየትኛውም ወረቀት ላይ ተጽፎ አይመጣለትም።

የኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳንና በሌሎች አገሮች አልፈው፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ ወደ ሳን ዲዬጎ የገቡት ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ብዙዎቹ ያረፉት በሲቲ ሃይትስና በአካባቢው ነው። ያረፉትም በኪራይ ቤት ነው። በኤል ካሆን ጎዳናና በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ምግብ ቤት የከፈቱትም ቢሆኑ እንደ አብዛኛው ንግድ ቤት ለቆሻሻቸው ለግል ኩባንያ መክፈል ነበረባቸው። ስለዚህ «ነፃ» የተባለው አገልግሎት ለነሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነፃ ሆኖ አያውቅም።

የፊቱ በር ሲዘጋ

ስደተኞቹ ካሊፎርኒያ ሲደርሱ ግዛቲቱ በታላቅ ለውጥ ላይ ነበረች። በሰኔ 1978 ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የተባሉ ሰዎች የመሩት የግብር ተቃውሞ ፕሮፖዚሽን 13ን ለሕዝብ አቀረበ። ከመራጩ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ደገፈው። በዚህ ሕግ መሠረት የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከአንድ በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ባለቤቱ ቤቱን እስኪሸጥ ድረስ ግምቱ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳይጨምር ታገደ። ለተለየ ዓላማ የሚጣል አዲስ ግብርም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልገው ተደነገገ። የማዘጋጃ ቤቶች፣ የካውንቲዎችና የትምህርት ቤቶች የንብረት ግብር ገቢ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወደቀ።

ያኔ ለተከራዮች ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። ጃርቪስ ራሱ የሎስ አንጀለስ አፓርትመንት አከራዮች ማኅበር ሰው ነበር። የአከራዮች ግብር ሲቀንስ ኪራይም ይቀንሳል ተባለ። ግብሩ ቀነሰ፣ ኪራዩ ግን በአብዛኛው ባለበት ቀረ ወይም ጨመረ። የተከራዩ ቁጣ እየበረታ ሄደና ሎስ አንጀለስ በ1979 የኪራይ መቆጣጠሪያ ድንጋጌ እስከ ማውጣት ደረሰች።

ከተሞቹስ ምን አደረጉ? ግብር የሚገባበት የፊት በር ሲዘጋባቸው በጓሮ በር በኩል የአገልግሎት ክፍያን አስገቡ። ቀድሞ ከግብር ይሸፈን የነበረው የሕንፃ ፈቃድ ምርመራ፣ የመዋኛ ገንዳ መግቢያ፣ የስብሰባ አዳራሽ ኪራይ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ፍተሻ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ ተቆረጠለት። አዲስ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለመክፈት የተነሣ ስደተኛ በየመስኮቱ እየቆመ የሚከፍለው ገንዘብ የበዛው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። ቀድሞ የደረሰው ባለ ቤት የግብር ጣሪያ ተበጀለት። ዘግይቶ የመጣው ደግሞ ወደ በሩ የሚያደርሰውን ደረጃ ሁሉ በዋጋ ወጣ።

የክፍያው ሚዛን

ይሁንና የጓሮው በርም ቢሆን ቁልፍ አልባ ሆኖ አልቀረም። በ1979 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 4 ከአገልግሎቱ ወጪ በላይ የተሰበሰበ ክፍያ እንደ ግብር ገቢ ይቆጠራል አለ። በኅዳር 1996 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 ከንብረት ጋር የተያያዙትን ክፍያዎች፣ ማለትም የውሃ፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ክፍያዎችን፣ በጥብቅ ሥርዓት አሰረ። በ2010 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 26 ደግሞ አንድ ክፍያ ግብር አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በመንግሥቱ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። እነዚህ ሕጎች ተደምረው የሚሉት በአጭሩ ይህን ነው። ክፍያ ማለት የአንድ አገልግሎት ዋጋ ነው። ከወጪው በለጠ ማለት ግብር ሆነ ማለት ነው። ግብር ደግሞ ያለ ሕዝብ ድምፅ አይጣልም።

ይህ በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው። ከተማው ክፍያዎቹን ሲመረምር በመጀመሪያ አገልግሎቶቹን ይዘረዝራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራ የስንት ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ይለካል። በደመወዙ ላይ የጡረታውን፣ የሕክምና ዋስትናውን፣ የመኪናውን፣ የቢሮውንና የአስተዳደሩን ድርሻ ይጨምራል። ከዚያም ጠቅላላውን ወጪ ለተጠቃሚዎቹ ቁጥር ያካፍላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ተቆጣጣሪ የአንድን ምግብ ቤት የጭስ ማውጫ ለመመርመር ሁለት ሰዓት ቢፈጅበትና የአንዱ ሰዓት ሙሉ ወጪ መቶ ዶላር ቢሆን፣ ትክክለኛው ክፍያ ሁለት መቶ ዶላር ነው። ከተማው ሦስት መቶ ካስከፈለ አንድ መቶው በክፍያ ስም የተጣለ ግብር ነው። አንድ መቶ ብቻ ካስከፈለ ደግሞ የቀረውን መቶ የሚከፍለው ያ ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ሁልጊዜ ሙሉ ወጪ ይጠየቃል ማለት አይደለም። የልጆች የዋና ትምህርት ወይም የአረጋውያን ማዕከል ሙሉ ወጪውን ቢያስከፍል ችግረኛው ይቀርበታል። ስለዚህ ምክር ቤቱ አውቆና ፈቅዶ ከፊሉን ከግብር ሊደጉም ይችላል። ቁም ነገሩ ድጎማው በግልጽ መታወቁ ነው።

ፍርድ ቤቶችም ሚዛኑን አጥብቀውታል። በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ መካከል የምትገኘው ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ብዙ ውሃ የሚጠቀመውን ሰው ከፍ ባለ ዋጋ ታስከፍል ነበር። ዓላማዋ ውሃ መቆጠብ ነበር። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዓላማው መልካም ቢሆንም እያንዳንዱ የዋጋ ደረጃ ከእውነተኛው ወጪ ጋር መያያዝ አለበት ብሎ ፈረደባት። በዚሁ ሕግ ምክንያት ለድሃው የሚደረገው ቅናሽ እንኳ ከሌላው ከፋይ ላይ ሊጫን አይችልም። ከሌላ ገንዘብ መውጣት አለበት።

ከ1919 ወደ 2025

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳን ዲዬጎ ድንጋጌዋን እንደ ታቦት ጠብቃ ቆየች። ሌሎቹ የካሊፎርኒያ ትልልቅ ከተሞች ነዋሪዎች ለቆሻሻ ማንሻ ይከፍላሉ። በ2000ዎቹ ዓመታት ከተማዋ በሠራተኞቿ ጡረታ ጉድለት ስትናጥ እንኳ ድንጋጌውን ወደ ሕዝብ ድምፅ ወስዶ የሚያሽር ፖለቲከኛ አልተገኘም። የሚያተርፈው ቁጣ ስለሆነ ማንም በእጁ ሊነካው አይፈልግም ነበር።

በመጨረሻ ጉዳዩን ካነሡት አንዱ ሲቲ ሃይትስን የሚወክለው የምክር ቤት አባል ሾን ኤሎ-ሪቬራ ነው። ክርክሩም የተከራዩን ሁለት ጊዜ ከፋይነት የተመለከተ ነበር። በኅዳር 2022 ሜዠር ቢ የተባለው ማሻሻያ ለሕዝብ ቀረበና ለጥቂት፣ ከግማሽ እምብዛም ባልበለጠ ድምፅ አለፈ። ማሻሻያው ከተማው ክፍያ መጠየቅ እንዲችል ፈቀደ እንጂ ዋጋውን አልቆረጠም። በምርጫው ወቅት የከተማው የበጀት ተንታኝ መሥሪያ ቤት ዋጋው በወር ከ23 እስከ 29 ዶላር ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። ብዙው ሰው ድምፁን የሰጠው ይህን ቁጥር በአእምሮው ይዞ ነው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር 2024 ከተማው የሽያጭ ታክስን በአንድ ሳንቲም ለማሳደግ ያቀረበው ሜዠር ኢ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ከንቲባ ቶድ ግሎሪያና ምክር ቤቱ 258 ሚሊዮን ዶላር ከሚደርስ የበጀት ጉድለት ጋር ተፋጠጡ። የ1978ቱ ታሪክ ተደገመ። የታክሱ በር ሲዘጋ ፊቱ ሁሉ ወደ ክፍያ ዞረ። በጥር 2025 መጨረሻ የመኪና ማቆሚያ ሜትር ዋጋ በሰዓት ከ1 ዶላር ከ25 ወደ 2 ዶላር ከ50 በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ቀጥሎ የቆሻሻው ተራ ደረሰ።

የቆሻሻው ዋጋ ተሰልቶ ሲወጣ ግን 23 ወይም 29 አልነበረም። መጀመሪያ ከ47 ዶላር በላይ ተባለ። ቆይቶ ለመጀመሪያው ዓመት በወር 43 ዶላር ከ60 ሆነ። በዓመት ሲሰላ 523 ዶላር ከ20 ነው። አነስ ያለ በርሜል የመረጠ በመጠኑ ያነሰ ይከፍላል። ለምን ጨመረ ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ወጪው የሚካፈልባቸው ቤቶች ቁጥር ቀድሞ ከተገመተው በብዙ አሥር ሺህ አንሶ ተገኘ። አዳዲስ በርሜሎች መገዛት ነበረባቸው። ትልልቅ ዕቃዎችን ማንሣትን የመሰሉ ተጨማሪ አገልግሎቶች ተካተቱ። እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ መልስ አለው። ነገር ግን 23 ዶላር ሰምቶ ድምፁን የሰጠ ሰው 43 ሲመጣበት ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ክፍያን ለማጽደቅ ሕዝብ ሲጠየቅ ዋጋው አብሮ ካልቀረበ እምነት ይጎድላል፣ የጎደለ እምነት ደግሞ በሠንጠረዥ አይሞላም።

ዝም ያለው ሲቆጠር

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ደብዳቤ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በፕሮፖዚሽን 218 መሠረት ከተማው የክፍያውን መጠንና አሰላሉን ለእያንዳንዱ ባለ ይዞታ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 45 ቀን ሰጥቶ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል። ተቃዋሚው ተቃውሞውን በጽሑፍ ይልካል። በአንድ ይዞታ አንድ ተቃውሞ ብቻ ይቆጠራል። ከይዞታዎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ከተቃወሙ ክፍያው ይወድቃል፣ ምክር ቤቱም ሊያጸድቀው አይችልም።

በሳን ዲዬጎ ክፍያውን ለመጣል ወደ 113 ሺህ የሚሆን ተቃውሞ ያስፈልግ ነበር። የደረሰው ወደ 46 ሺህ ነው። በሰኔ 2025 ረጅም ስብሰባ ተደርጎ ምክር ቤቱ በ6 ድምፅ ድጋፍና በ3 ተቃውሞ ክፍያውን አጸደቀ። ሂሳቡም ከንብረት ግብር ወረቀት ጋር እንዲመጣ ተወሰነ።

አማርኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። በዚህ ሕግ ፊት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተቃውሞ ብቻ እንጂ ድጋፍ አይቆጠርም። ስለዚህ ዝም ያለ ሁሉ፣ ደብዳቤውን ያልከፈተውም፣ ቋንቋው የከበደውም፣ ሥራ በዝቶበት የረሳውም፣ እንደ ተስማማ ተቆጥሯል። እዚህ ላይ ዝም ባለ አፍ የሚገባው ዝንብ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ግን ደብዳቤው ያልተላከላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሕጉ ተከራይን የሚቆጥረው ክፍያውን በቀጥታ የመክፈል ግዴታ ያለበት ሲሆን ነው። ሂሳቡ በባለቤቱ የግብር ወረቀት ላይ ከመጣ ተቃውሞ የመጻፍ መብቱ የባለቤቱ ነው። የነጠላ ቤት ተከራይ ክፍያው ነገ በኪራይ ጭማሪ ሊመጣበት ይችላል፣ ሲወሰን ግን አልተጠየቀም። የአፓርትመንት ተከራዩ ደግሞ የግል ኩባንያው ሂሳብ በዚህ ምክንያት አልቀነሰለትም። ያገኘው ነገር ቢኖር ከእንግዲህ የሌላውን ቆሻሻ አለመክፈሉ ነው። ከጠቅላላው ካዝና የተረፈው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ለመንገድ መብራትና ለልጆች መጫወቻ ይዋል አይዋል የሚወሰነው በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ነው። የመቶ ዓመቱ በደል የሚካሰው ወይም ተረስቶ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ሳይመረመር የቆየ ዋጋ

የጎረቤቷን የሎስ አንጀለስን ታሪክ መመልከት ደግሞ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ሎስ አንጀለስ ለቤት ቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ስትጠይቅ የኖረች ብትሆንም ዋጋው ከወጪው በታች ነበር። በ2006 ከንቲባ አንቶኒዮ ቪያራይጎሳ ክፍያው ወጪውን ወደሚሸፍንበት ደረጃ እንዲያድግ ሐሳብ አቀረቡ። ከካዝናው የሚተርፈው ድጎማ አንድ ሺህ ተጨማሪ ፖሊሶች መቅጠሪያ ይሆናል ተባለ። በወር 11 ዶላር የነበረው ክፍያ እየጨመረ ሄዶ በ2008 36 ዶላር ከ32 ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ቆመ። ነዳጅ ሲወደድ፣ ደመወዝ ሲያድግ፣ የምግብ ትራፊን ለይቶ ማንሣት የሚያስገድደው የግዛቱ ሕግ ሲመጣ ዋጋው ለ17 ዓመት ያው ነበር። ልዩነቱን የሚሸፍነው ደግሞ ያው ጠቅላላ ካዝና ነው። በ2025 ከተማዋ በበጀት ጉድለት ስትጨነቅ ክፍያው ወደ 55 ዶላር ከ95 እንዲያድግ ተወሰነ። ይህም ከግማሽ በላይ ጭማሪ ማለት ነው። በየዓመቱ ጥቂት ሳንቲም ቢጨመር ማንም እምብዛም ያላማረረበት ነገር፣ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ሲወድቅ ጡረተኛውን አስደነገጠ። ዋጋን በየጊዜው መመርመር የከፋይ ጠላት አይደለም። ጠላቱ ሳይመረመር ተረስቶ የቆየ ዋጋ ነው። ሳን ዲዬጎ 106 ዓመት ረሳችው፣ ሎስ አንጀለስ 17 ዓመት።

ሒሳቡን የመጠየቅ ልማድ

በአገር ቤት ያደገው ትውልድ መዋጮ ምን እንደሆነ ያውቃል። በደርግ ዘመን ለእናት አገር ጥሪ፣ ለዚህ ዘመቻ፣ ለዚያ በዓል ተብሎ ከደመወዝ ሲቆረጥ ወይም በቀበሌ ሲሰበሰብ ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ለጥርጣሬ የሚዳርግ ነበር። ያ ልማድ ከሰው ጋር ውቅያኖስ ተሻግሯል። መንግሥት የላከው ወረቀት ሲመጣ ብዙው ሰው ወይ በፍርሃት ይከፍላል፣ ወይ በንቀት ይጥለዋል። ማንበብና መጠየቅ የሚባለው ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ያ መንገድ ግን ክፍት ነው። ባለ ቤት የሆነ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ሦስት ነገሮችን ይመልከት። ዋጋው ስንት ነው፣ ወጪው እንዴት ተሰላ፣ ተቃውሞ የሚደርስበት የመጨረሻው ቀን መቼ ነው። አሰላሉን የሚያሳየው ጥናት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ጠይቆ ማየት ይቻላል። ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው የከተማው የክፍያ ዝርዝር ሲሻሻል ስብሰባው ላይ ተገኝቶ «ይህ ፍተሻ በእርግጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተከራዩም ቢሆን ተቃውሞው አይቆጠርለት እንጂ በስብሰባው ላይ ከመናገር የሚከለክለው የለም። ዜጋ ከሆነ ደግሞ ምክር ቤቱን በሚመርጥበት ቀን ድምፁ ከባለ ቤቱ ድምፅ እኩል ነው። ቋንቋ ለከበዳቸው አረጋውያን ደብዳቤውን አንብቦ የሚያስረዳ አንድ ሰው በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱም ቢመደብ ትልቅ ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

በ1919 የሳን ዲዬጎ ሰዎች የተቆጡት ገንዘባቸውና ትራፊያቸው የት እንደሚሄድ ስለደረሱበት ነው። የአሳማ አርቢዎቹ ሒሳብ በመውጣቱ ሕግ ተለወጠ። ተከራዩ ግን የራሱን ሒሳብ የሚያወጣለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ዘመናት አለፉ፣ እስከዚያው ሁለት ጊዜ ሲከፍል ኖረ። ክፍያ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ሕግም ይለወጣል። ሒሳቡን የሚጠይቅ ሰው በጠፋበት ቦታ ግን ከፋዩ ሁልጊዜ ያው ያልተጠየቀው ሰው ነው።